ስድስት ሜትር

የሰፈራችን ዋና መንገድ ወርዱ ስድስት ሜትር ነው። የለካው የመንግሥት ቀያሽ አይደለም። ጡረታ የወጡ አንድ አሥር አለቃ ናቸው በሲባጎ የለኩት።

ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ለሰፈሩ አዲስ ተከራይ ነበርኩ። ሰፈሩ በአዲስ አበባ ምዕራብ ጫፍ፣ ዓለም ባንክ የሚባለውን ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። ያኔ ባጃጅ አይገባም ነበር። ዝናብ ከጣለ ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ በቦቲ ጭቃውን እየረገጥን አስፋልቱ ድረስ እንወጣለን። ቦቲውን ሱቅ እናስቀምጥና ጫማ ቀይረን ታክሲ እንይዛለን። ማታም ያው ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት አሥር አለቃው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ግንበኛ ሲባጎና ችካል ይዘው ብቅ አሉ። ከአንዱ አጥር ወደ ትይዩው አጥር እየዘረጉ ይለካሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ የቆርቆሮ አጥር አንድ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ወጥቶ አገኙት። የግቢው ባለቤት ጥጓን ጎመን ተክለውባታል።

ግንበኛው ቀረብ ብሎ፣ «እትዬ፣ አጥርዎን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስጠጉልን» አላቸው።

«ለምኑ ነው ልጄ? እዚህ ሰፈር መኪና ያለው ማን ነው?»

አሥር አለቃው መለሱላቸው። «ለሽንት ቤት መምጠጫው መኪና ነው እህቴ። ጉድጓዱ የሞላ ቀን በየት እናስገባዋለን? ሰው ታሞ አምቡላንስ የተጠራ ቀንስ?»

እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል አንተ ልጅ፣ ጎመኑን ንቀልልኝ» አሉ። ሰባት ስምንት ሰው ሆነን ቆርቆሮውን ፈታን፣ ቋሚዎቹን ነቀልን፣ ጉድጓድ ቆፍረን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ መልሰን ተከልን። ሲመሽ ቡና ተፈላ። ጎመኑም ለእራት ሆነ።

የከተማ ፕላን ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምነግረው ይህንን ነው። ፕላን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም የተሳለ ካርታ ነው። ካርታውም ያስፈልጋል። መሠረቱ ግን ሰው ሁሉ የሚኖርበት ጥያቄ ነው። የኔ የሆነው እስከ የት ነው? የጋራችን የሆነው ከየት ይጀምራል? ሰው በየት ይሄዳል፣ ውሃስ በየት ይፈሳል? ይህን ማንም ሳይጠይቀው ቤት ከተሠራ በኋላ ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው። የጭቃ ቤት ቀስ በቀስ ብሎኬት ይሆናል። ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ሸክላ ይነጠፋል፣ መብራት ይገባል። ያልተተወ መንገድ ግን ቤት ሳይፈርስ አይገኝም።

ስለ ከተማ ዳር ሰፈሮች ሲወራ ሁለት ነገር ብቻ እንሰማለን። አንዱ «ሕገ ወጥ ናቸው፣ ይፍረሱ» ነው። ሌላው «ድሃ የት ይግባ፣ ይተዉ» ነው። ሁለቱም ስለ ቤቱ ነው የሚከራከሩት። እኔ ደግሞ የምለው ስለ መንገዱ ነው።

ሰፈር የሚለው ቃል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ፕላን አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ። አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ከእንጦጦ አወረዱ። መኳንንቱ ደግሞ በየጉብታው መሬት ተሰጥቷቸው ከነሠራዊታቸው፣ ከነአገልጋያቸው ሰፈሩ። ቃሉ የመጣው ከዚያው ነው። ሰፈረ፣ ሰፈር። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንላቸው ሁሉ በመጀመሪያ ሰዎች ያረፉባቸው ቦታዎች ናቸው። መንገዱ የሰውና የበቅሎ እግር የመረጠው ነው። ፒያሳ አካባቢ ዛሬም መንገዱ የሚጠማዘዘው ለዚህ ነው።

ባለሙያዎቹ የመጡት ዘግይተው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁር የሚለይ ፕላን አወጣ፤ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ ወሰደው። ከዚያ በንጉሡ ዘመን እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ ሌላ አቀደ። በ1978 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና ጣሊያናውያን አንድ ላይ የሠሩት መጣ። አሁን በሥራ ላይ ያለው መዋቅራዊ ፕላን የ2009 ዓ.ም. ነው። በየመሃሉ ሌሎችም አሉ። ሁሉም መጥተው ያገኙት ሰው ቀድሞ የሰፈረበትን ከተማ ነው።

እና ዳር ላይ የሚሠራው ሰው እንግዳ ነገር እያደረገ አይደለም። ከተማዋ የተወለደችበትን መንገድ ነው የሚሄደው። የተለወጠው ሕጉና የመሬቱ ዋጋ ነው።

ሰው ለምን ዳር ይወጣል?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ቀበሌ የምንለው ነገርም ከዚያ አዋጅ ጋር ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ መሬት ሸጬ ገዛሁ ማለት በሕግ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ታዲያ ቤት መሥሪያ ቦታ ከየት ይገኛል? ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ መልሱ ሊዝ ነው። መንግሥት ቦታውን ለተወሰነ ዓመት ይሰጣል፣ ባለቦታው ይከፍላል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የሊዝ አዋጅ 721 ወጣ። ዋናው መንገድ ጨረታ ነው። ጨረታ ደግሞ ገንዘብ ያለው የሚያሸንፍበት ነው። የቀን ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ የቢሮ ጸሐፊ እዚያ ውስጥ የለም።

ለነዚህ ሰዎች ኮንዶሚኒየም መጣ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮየ ፈጬ ሁሉም በከተማዋ ዳር የቆሙት በዚህ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ዛሬም ደብተሩን ይዞ ዕጣ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ደግሞ ያገባል፣ ይወልዳል፣ የቤት ኪራይ በየዓመቱ ይጨምርበታል።

በሌላ በኩል ገበሬው አለ። እርሻው ከተማዋ እየተጠጋችው ነው። መሬቱ ለልማት ከተፈለገ እንደሚነሳ ያውቃል። ካሳው እንዴት ይሰላ ነበር? በአዋጅ 455/1997 ለተፈናቃይ ገበሬ የሚከፈለው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 አሻሻለው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በአሥራ አምስት ያባዛል። ይህ መሻሻል ነው። ግን ሁለቱም የሚያሰሉት ከመሬቱ የሚገኘውን ጤፍና ስንዴ ነው። ያው መሬት በማግስቱ በጨረታ ሲወጣ የሚያወጣው ዋጋ ሌላ ነው። ገበሬው ይህን ያያል። ልጆቹም ያያሉ። አባታቸው ያረሰው ላይ ሌላው ፎቅ ሲሠራ ቆመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት መቶ ካሬ፣ ሁለት መቶ ካሬ እየቆረጠ ይሸጣል። ገዥውን ደላላ ያመጣዋል። ውሉ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። ሦስት ምስክር፣ ፊርማ፣ ለማይጽፍ የጣት አሻራ። የመንደር ውል ይባላል። በሕግ ፊት አይጸናም። በሰው ፊት ግን ይጸናል፣ ምስክሮቹ ጎረቤት ናቸውና።

ከዚያ ቤቱ ይሠራል። ጨረቃ ቤት የሚባለው በሌሊት ስለሚሠራ ነው። ቅዳሜ ማታ ባህር ዛፉ ይወርዳል። ቋሚው ይቆማል፣ ማገሩ ይመታል፣ ቆርቆሮው ይከደናል። ሰኞ ጠዋት ቤት ነው፤ ሴቲቱ እሳት አንድዳለች፣ ልጆች በር ላይ ተቀምጠዋል። ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ባዶ ግድግዳ እንደማፍረስ አይሆንም። ፍጥነቱ የዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቤት በአንድ ሌሊት የሚሠራው በፍርሃት ከሆነ፣ ስለ መንገድ የሚያስበው ማን ነው? ሁሉም የራሱን ጣራ ለመክደን ይሮጣል። ደላላው ደግሞ በሸጠው ካሬ ልክ ነው የሚያገኘው። ለመንገድ የሚተው እያንዳንዱ ሜትር ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያልፍበትን ትቶ ይሸነሽናል። ሰፈሩ የሚበላሸው እዚያች ቀን ላይ ነው፣ ገና አንድም ቤት ሳይቆም።

ካርታው ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው

ሕጋዊው ሥራ በደረጃ ይወርዳል። መጀመሪያ መዋቅራዊ ፕላን አለ። ዋና ዋና መንገዶችን፣ የመኖሪያውን፣ የኢንዱስትሪውን፣ የአረንጓዴውን ቦታ ያሳያል። የ2009ኙ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ከሱ ሥር የአካባቢ ልማት ፕላን ይመጣል፤ ባለሙያዎቹ ኤልዲፒ ይሉታል። የውስጥ መንገዱን፣ የሕንፃውን ከፍታ፣ የትምህርት ቤቱን ቦታ የሚለየው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ሽንሻኖ አለ። ቀያሽ ወርዶ እያንዳንዱን ቦታ ለክቶ ችካል ይተክላል።

ችግሩ እነዚህ ደረጃዎች መሃል ያለው ጊዜ ነው። ትልቁ ካርታ ከጸደቀበት ቀን አንስቶ ችካሉ መሬት እስኪነካ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ደላላው ዓመት አይጠብቅም። በገመድ ለክቶ በአንድ ወር ይጨርሳል። ቀያሹ ሲመጣ ለአረንጓዴ የተባለው የወንዝ ዳር ቤት ሞልቶበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሰነድ አልባ» የሚባለው፣ የይዞታ ወረቀት የሌለው ቤት ነገር ነው። መንግሥት በተለያየ ጊዜ እነዚህን ሰፈሮች ወደ ሕግ ለማስገባት ሞክሯል። ዋናው ማስረጃ ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. በተነሱት ላይ ቤቱ ይታያል ወይስ አይታይም? ከታየ ጉዳዩ ይጀመራል። ሰው ለዚህ ብሎ የማያስቀምጠው ወረቀት የለም። የመብራት ቢል፣ የውሃ ቢል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር። አከራዬ ሁሉንም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጣጥፈው አልጋ ሥር ነበር የሚያኖሩት።

ነገር ግን በፎቶው መታየት ብቻ አይበቃም። የሊዝ አዋጁ በአንቀጽ 6 ላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ይዞታው ከከተማው ፕላን ጋር መስማማት አለበት። የሽንሻኖ ደረጃውንም ማሟላት አለበት። ያን ጊዜ በሊዝ ይተዳደራል። የኛ ስድስት ሜትር ዋጋው የታየው እዚህ ላይ ነው። ቀያሾች መጥተው ሲለኩ መንገዳችን ላይ ከሁለት አጥር በስተቀር የሚነካ አላገኙም። ከኛ በታች ያለው ሰፈር ግን መተላለፊያው ሁለት ሜትር ተኩል ነበር። እዚያ መንገዱን ለማስፋት የአንዱ ማድ ቤት፣ የሌላው ግማሽ ሳሎን መቆረጥ ነበረበት። ሁለቱም በተመሳሳይ ዓመት የተሠሩ፣ ከአንድ ገበሬ የተገዙ ሰፈሮች ናቸው። ልዩነታቸው ሲባጎው ብቻ ነው።

ሰፈር በምን ይቀናል?

አማርኛ ለዚህ ሥራ ጥሩ ቃል አለው። ማቅናት። አቅኚ ማለት ጠፍ መሬት ገብቶ መኖሪያ የሚያደርግ ሰው ነው። ቤት መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ማቅናት ግን ብቻውን አንድ ሰው አይችለውም።

እኛ ዘንድ ሥራውን የያዘው እድር ነው። እድር ለቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አስቡት እስቲ። እድር መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዳኛ አለው። ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ደሃውም ሀብታሙም እኩል ይከፍላል። ሰው ያምነዋል፤ እናቱን የቀበረለት ነውና። ከተማ ውስጥ ይህን ያህል የታመነ ድርጅት ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ለገረጋንቲ ገንዘብ መሰብሰብ ሲያስፈልግ አዲስ ኮሚቴ መፍጠር አላስፈለገም። የእድሩ ዳኛ ቆመው ተናገሩ፣ በነፍስ ወከፍ ተወሰነ፣ በሁለት ወር ስምንት ቢያጆ ገረጋንቲ ወረደ። ባጃጅ የገባው ያኔ ነው። ቀጥሎ ቦኖ ውሃ፣ ከዚያ የመብራት ምሰሶ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቶ ኮብልስቶን ተነጠፈ።

የጎደለውንም ልናገር። እድሩ ውስጥ ተከራይ የለም። እኔ ጎመን ነቅያለሁ፣ ገረጋንቲ በአካፋ በትኛለሁ። ስብሰባ ላይ ግን ድምፅ አልነበረኝም። ኮብልስቶኑ በተነጠፈ በሦስተኛው ወር ኪራዬ ጨመረ። አከራዬ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሰፈሩ ስለተሻለ ነው። ሰፈር ሲቀና የሚጠቀመው ባለቤቱ ነው፤ ተከራዩ ወደ ባሰው ዳር ይሸሻል። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚናገር ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላው ሜዳው ነው። ከወንዙ በላይ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሰፊ ቦታ ነበረን። መስቀል ሲደርስ ደመራ እዚያ ይደመራል። ድንኳን የሚተከለው፣ ሠርግ የሚደገሰው እዚያ ነው። አንድ ደላላ ከዳሩ ጀምሮ ቆርጦ ሸጠው። መጀመሪያ አንድ አጥር፣ ከዚያ ሁለት። ሽማግሌዎቹ አወሩበት፣ ግን የተነሳ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ሜዳ የሚባል የለም።

ለምን መንገዱን አዳንን፣ ሜዳውን ግን አጣን? ብዙ አስቤበታለሁ። መንገድ ላይ የሁሉም ሰው በር አለ። መንገዱ ሲጠብ እያንዳንዱ በሩ ላይ ይሰማዋል፣ ስለዚህ ይከራከራል። ሜዳ ላይ የማንም በር የለም። ሲሸጥ የሚያመው ልጆቹን ነው፤ ልጆች ደግሞ እድር ውስጥ የሉም። ሰፈር በራሱ አቅም የማይጠብቀው ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ለሜዳ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለወንዝ ዳር ከሰፈሩ ውጪ የሆነ ሥልጣን ያስፈልጋል።

ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ

የጎርፉ ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በ2003 ክረምት መንገዳችን ዳር ቦይ ቆፈርን። እያንዳንዱ በሩ ፊት ያለውን ድርሻ ቆፈረ፣ ድንጋይ ደረደረ። ቆንጆ ሆነ። ውሃው ከኛ ሰፈር ወጥቶ ሄደ። የት ሄደ? ከታች ያሉት ሰዎች ቤት ገባ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዶፍ ዘነበ። ጠዋት አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች እርጥብ ፍራሽ ተሸክመው መጥተው መንገዳችን መሃል ጣሉት። «የናንተ ውሃ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ከአሥር አለቃው ጀምሮ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። የፓኪስታን ትልቅ ከተማ ካራቺ ኦራንጊ የሚባል እንደኛው ያለ ሰፊ ሰፈር አላት። አክታር ሃሚድ ካን የሚባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 እዚያ ሥራ ጀመሩ። ፍሳሹ በየመንገዱ ነበር የሚወርደው። ነዋሪው መንግሥት በነፃ ይሥራልን ይል ነበር። እሳቸው ሌላ መንገድ አሳዩ። ሃያና ሰላሳ ቤት ያለው እያንዳንዱ መተላለፊያ ተወካይ ይምረጥ፣ ገንዘብ ያዋጣ፣ የራሱን ቱቦ ራሱ ይቅበር አሉ። ባለሙያዎች ዲዛይኑን አቀለሉለት፣ ማንሆል የሚሠራበትን ፎርማ ሰጡት። ተቋራጭ ስለሌለበት ዋጋው በጣም ወረደ። ሰዉም ሠራው።

ከዚያ ሥራ የወጣችው ሐሳብ ቀላል ናት። ሥራውን ለሁለት ክፈለው። የቤቱን ሽንት ቤት፣ የመተላለፊያውን ቱቦ፣ የሰፈሩን መሰብሰቢያ ቱቦ ነዋሪው ይችለዋል። ከሰፈር ሰፈር የሚያልፈውን ዋናውን መስመርና ማጣሪያውን ግን ነዋሪው አይችለውም፤ የመንግሥት ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ ከሞከረ ይበላሻል። እኛ ጋ የሆነው ያ ነው። የራሳችንን ድርሻ በደንብ ሠራን። ቦዩ የሚያልቅበት ላይ የሚቀበለን አልነበረም። ከሁለት ክረምት በኋላ ከላይ እስከ ወንዙ የሚወርድ ትልቅ ቱቦ ሲቀበር ነው ከታች ሰፈር ጋር የታረቅነው።

ችካሉን ማስቀደም

ፔሩ ውስጥ ሊማ ከተማ ዳር ቪላ ኤል ሳልቫዶር የምትባል ሰፊ መኖሪያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ቤት አጥ ሰዎች ባዶ መሬት ገብተው ያዙ። ግጭት ሆነ። መንግሥት በመጨረሻ በረሃማ አሸዋ ላይ ሌላ ቦታ ሰጣቸው። ቤት አልሠራላቸውም። መስመር ብቻ አሰመረላቸው። አንድ ብሎክ 24 ቦታ፤ 16 ብሎክ አንድ ላይ አንድ መንደር፤ በመንደሩ እምብርት ለጋራ የተተወ ሜዳ። ሰዎቹ መጀመሪያ በምንጣፍ የተሠራ ዳስ ውስጥ ገቡ። ከዚያ እየቆዩ ጡብ አቆሙ። ውሃና መብራት ዘግይቶ መጣ። ሜዳዎቹ ግን ነበሩ፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ቀን ቦታቸው ታውቋል።

እሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ጎረቤታችን ዓለም ባንክ ሰፈር ስሙን ያገኘው ባንኩ ብድር ከሰጠበት የቤት ፕሮጀክት ነው። የዚያ ዘመን ሐሳብ መንግሥት ቦታ ሸንሽኖ፣ መንገድና ውሃ አቅርቦ፣ ቤቱን ባለቤቱ እንደ አቅሙ እንዲሠራ መተው ነበር። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው መንገዱ ቀጥ ማለቱን በዓይኑ ያያል።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ከተማዋ በየትኛው አቅጣጫ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ደላላው ያውቃል፣ ባጃጅ ነጂው ያውቃል። ታዲያ ቀያሹ ከደላላው ለምን አይቀድምም? ዋና ዋና መንገዱን፣ የጎርፉን መውረጃ፣ ሜዳውን፣ የትምህርት ቤቱን ቦታ ብቻ ለይቶ በድንጋይ ቢያጥረው። ውስጡ ቀስ ብሎ ይሞላል። ጥቂት ቀያሾች ለጥቂት ሳምንታት ቢሠሩ የሚበቃ ነው። በኋላ ያንኑ መንገድ ቤት አፍርሶ ለማውጣት ካሳ አለ፣ ምትክ ቦታ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ልጆቿን ይዛ መንገድ ላይ የምትወድቅ እናት አለች።

ይህን ስል ከባድ መሆኑን አልረሳሁም። መሬቱ ባዶ አይደለም፤ የገበሬ ነው። የአዲስ አበባ ወሰን ደግሞ እርሻ መሃል ነው የሚያልፈው። ከወዲህ አንድ አስተዳደር ነው። ከወዲያ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ ነው። ውሃው ግን ወሰን አያውቅም፤ ከወዲያ ዘንቦ ወዲህ ይወርዳል። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያያይዘው የጋራ ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ አስነሳ፣ ሰው ሞተበት፣ በጥር 2008 ተሰረዘ። በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ሳይጠየቅ የተሰመረ መስመር ምን እንደሚያመጣ በዚያ አይተናል። ስለዚህ ቀያሹ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት ከገበሬው ጋር ነው። ገበሬው ከመሬቱ የተወሰነውን ለመንገድና ለጋራ ቦታ ቢለቅ፣ የቀረው ዋጋው ይጨምራል፤ ያ ጭማሪ የሱና የልጆቹ መሆኑ በወረቀት ይረጋገጥለት። ይህ ሳይሆን ሲቀር ነው በሌሊት የሚሸጠው።

አሥር አለቃው ዛሬ አርጅተዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ባለፈው ሳምንት ደጃፋቸው ቁጭ ብለን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ተዳፋት እያየን ነበር። ባለፈው ዓመት ስንዴ ነበረበት። አሁን ነጭ ድንጋዮች ተደርድረውበታል። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ስንት የተወ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ሁለት ሜትር ቢሆን ነው ጋሼ።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ሲባጎውን ከጓዳ አስመጡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጉልበታቸው ከፈቀደ፣ ወንዙን አብረን እንሻገራለን።